ማስተካከያ፦ የሥራ መዛል በበሽታነት አልተመዘገበም

ለደሴና ለኮምቦልቻ የፖሊስ አባላት ባወጣነው ጽሑፍ፣ በርንአውት የሚባለው የሥራ መዛል «በዓለም ጤና ድርጅት በበሽታነት ተመዝግቧል» ብለን ነበር። ስህተት ነው። በድርጅቱ የበሽታዎች ምደባ ሰነድ 11ኛ እትም መዛል የሰፈረው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ተብሎ ነው። መነሻው ሥር የሰደደና መላ ያልተበጀለት የሥራ ጫና ሲሆን መገለጫዎቹ 3 ናቸው፦ የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ (ባለጉዳዩ ገና አፉን ሳይከፍት መሰላቸት ዓይነት) እና የሥራ ውጤታማነት መቀነስ።

የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በሐረጎ ቁልቁለት ከተገለበጠ መኪና አስከሬን ያወጣ ትራፊክ ፖሊስ ከሳምንታት በኋላም የፍሬን ድምፅ ሲሰማ የሚበረግግ፣ በቅዠት የሚባንን፣ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ሰበብ የሚፈልግ ከሆነ ጉዳዩ ከመዛል ያለፈ ነው። ድኅረ አደጋ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ ፈቃድ ብቻውን አያድነውም።

በዚያው ጽሑፍ «ለመዛል 2 ሳምንት ፈቃድ ይበቃል» ያልነውንም ሰርዘነዋል። ከእረፍት የተመለሰ አባል ያንኑ ተደራራቢ የሌሊት ተረኝነት ካገኘ መዛሉም አብሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከፈቃዱ በፊት የተረኞች ሰሌዳ ይታይ። የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አያይዙልን።