ኮንትራት ነው?

የጅማ ልጆች፣ ዛሬ ይህን ሳልናገር እንቅልፍ አይወስደኝም። እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ነው የምጽፈው። ከመርካቶ እስከ ኪቶ በዝናብ፣ በእግሬ፣ በሥራ ጫማ መጥቻለሁ።

ጠዋት ባጃጅ ችግር የለም። እንዲያውም "መርካቶ! መርካቶ! አንድ ሰው!" እያሉ ሊሻሙኝ ነው የሚደርሱት። ዋጋው የታወቀ፣ መንገዱ የታወቀ። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ያው ባጃጅ፣ ያው ሹፌር፣ ያው መንገድ ይቀየራል። አንገቱን ብቅ አድርጎ "ኮንትራት ነው?" ይላል። አይደለም ካልኩ መልስ እንኳን የለም። ጭቃውን ቀሚሴ ላይ ረጭቶ ባዶውን ይሄዳል። ባዶውን! ሦስት ሰው የሚይዝ መቀመጫ አየር ጭኖ ሲያልፍ ቆሞ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጠዋት በ15 ብር የሄድኩበት መንገድ ማታ 120 ነው። ካካፋ 150። ዛሬ አንዱ፣ ወላሂ አልዋሽም፣ ቀና ብሎ ደመናውን አየና "200" አለኝ። ታሪፉን የሚያወጣው ሰማዩ ሆኗል። በጅማ ደግሞ ሰማይ መቼም ለተሳፋሪ አያዳላም፤ ክረምት በሉት በልግ በሉት፣ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላ ረስቶ የወጣ ሰው አለቀለት።

እሺ፣ አንዳንዴ ኮንትራት ያልሆነ ይገኛል። ያኔ ሌላው ይጀምራል። ኪቶ ብሎ ያሳፍረንና መሃል ላይ "እዚህ ነው የማበቃው" ይላል። ወርደን ሌላ እንይዛለን፣ እንደገና እንከፍላለን። አንዱ መንገድ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ከኋላ ሦስት ሞልቶ እያለም አራተኛውን ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን ይሰቅለዋል። ባለፈው ሐሙስ አራተኛዋ እኔ ነበርኩ። ሐሙስ መቼም የሂርማታ ገበያ ነው፤ በአባ ጅፋር ዘመን ነጋዴ ከሩቅ አገር ይመጣበት የነበረ ገበያ። ግማሽ ሰውነቴ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ፣ ሹፌሩ ሲጠመዝዝ ክርኑ ጎኔን፣ ከኋላ ያሉት እናት የያዙት ዶሮ ደግሞ አንገቴን። "ትንሽ ጠጋ በይ እህቴ" ይለኛል። ወዴት? ጎማው ላይ?

መልስ የሚባለውን ነገር አልጀምረውም፣ አያልቅም። ብቻ ይቺን ስሙልኝ። 100 ብር ሳወጣ ዝርዝር የለም። በቴሌብር ልላክልህ ስለው "ካሽ ነው የምሠራው" ይላል። ወንድሜ፣ ቤንዚኑን በምን ቀዳኸው? ማደያ ላይ በቴሌብር ስትከፍል የሠራ ስልክ እኔ ጋ ሲደርስ ኔትወርክ ያጣል?

ለእውነት ሲባል የእነሱንም ላንሳ። ባጃጅ የሚነዳ የጎረቤቴ ልጅ አለ። ሌሊት ተነስቶ ነዳጅ ሊሰለፍ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ተሰልፎ ውሎ ሳይቀዳ ይመለሳል። ያኔ በሃይላንድ ከሚሸጡት በውድ ይገዛል። ባጃጁ የሰው ነው፤ ሠራም አልሠራም ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለበት። ከ2014 ሐምሌ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው እየተነሳ ሲመጣ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። ግን እሱ ጠዋት የተሰለፈበትን ማታ የምከፍለው እኔ ነኝ? ያውም በደመናው ልክ? ታሪፉ አያዋጣም ከተባለ ጨምሩትና ለጥፉት። ተለጥፎ ላንብበው። አውቄው ልውጣ።

"ሳይክል ግዢ" የምትሉኝን እሰማለሁ። ገዛሁ እኮ! አሮጌ ሳይክል ገዝቼ ሦስት ሳምንት ነዳሁ። መሃል ከተማው ለሳይክል የሚያስቸግር ዳገት የለውም። ባጃጆቹ ግን ተሳፋሪ ሲያዩ ያለ ፍሬቻ ወደ ጥግ ይወረወራሉ፤ ጥጉ ላይ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ከመንገድ ዳር የሚሰጠውን አስተያየት ተዉት፤ ሴት ሳይክል ስትነዳ አይተው የማያውቁ ይመስል። እሱንም ለመድኩት። የገደለኝ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ነው። "ሳይክል ግቢ አይገባም።" መኪና ይገባል፣ ሞተር ይገባል፣ ሳይክል አይገባም። ለምን? "መመሪያ ነው።" ውጭ አጥር ላይ አሰርኩት። በሁለተኛው ሳምንት መቀመጫው ተፈትቶ ተወሰደ። በሦስተኛው የፊት ጎማው። የቀረውን በባጃጅ ጭኜ አመጣሁት። አዎ፣ በኮንትራት።

ፓሪስ ያለው የአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግረው ሳቀብኝ። እዚያ ከተማው ራሱ ሳይክል ያከራያል፤ ቬሊብ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተጀመረው። ከአንዱ ማቆሚያ ፈትተህ ትነዳለህ፣ ሌላው ጋ አስረህ ባቡርህን ትይዛለህ። እነሱም ጻድቅ እንዳይመስሏችሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሺዎች የሚቆጠር ሳይክል ተሰርቆባቸዋል። በጣም ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። ሰዉ ከኮረብታው እየተንደረደረ ይወርድና ወደ ላይ የሚመልሰው ይጠፋል። የላይኞቹ ማቆሚያዎች ባዶ፣ የታችኞቹ ጢም! ስለዚህ ሳይክሎቹን በመኪና ጭነው ያወጣሉ፣ ዳገት ላይ ለሚመልስም ነፃ ደቂቃ ይጨምሩ ነበር። ወዲያው የእኛው ኮረብታ፣ ጅሬን ነው የመጣብኝ። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ሳይክል ብናቆም እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉም ሳይክል ታች ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ወርዶ ነው የሚገኘው። ማን ይመልሰዋል? ባጃጅ። በስንት? ሰማዩን አይቶ ይነግረናል።

እኔን ያስቀናኝ ሳይክሉ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ከቤት ሲወጣ ስንት እንደሚከፍልና የት እንደሚወርድ ማወቁ ነው። እኔ እዚህ ተወልጄ አድጌ፣ በየቀኑ በምመላለስበት መንገድ ላይ አላውቅም።

በሉ ውሃው ቀዘቀዘብኝ። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ከመርካቶ ወደ ኪቶ የምትሄዱ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሦስት ከሆንን ኮንትራቱን እንካፈላለን። አራተኛ ከመጣ ከፊት ነው የሚቀመጠው። እኔ ተራዬን ጨርሻለሁ።