ስልክ ቁጥሩን በቃሏ ይዛ ትሂድ

ወደ አረብ አገር የምትሄድ ልጅ ያለችበት ቤት የመጨረሻው ሳምንት ግርግር ነው። በርበሬ ይፈጫል፣ ሽሮ ይዘጋጃል፣ ዘመድ ሊሰናበት ይመጣል። ስለሌላው ነገር ሲጠየቅ “ኤጀንሲው ጨርሶታል” ይባላል። ኤጀንሲው የሚጨርሰው መላኩን ነው። ክፉ ቀን ቢመጣ ምን እንደምታደርግ ማዘጋጀት የእኛ የቤተሰቦቿ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ደግሞ ብዙዎቻችን አልሠራነውም።

ከስልክ እንጀምር። ዛሬ ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሰው የለም፤ ስልኩ ይይዝለታል። እዚያ ግን ልጅቷ ገና እንደደረሰች ስልኳን የሚወስዱ አሠሪዎች አሉ። ያኔ የጎረቤት ስልክ ብታገኝ እንኳ ማን ጋ ትደውል? ስለዚህ ሁለት ቁጥር በቃሏ ትያዝ፤ አንዱ የቤት፣ ሌላው እዚያው አገር ያለ የምታምነው ሰው። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረውን እንዳለ መሸምደድ ግን አይበቃም። ከውጭ ሲደወል ዜሮው ይቀርና 00251 ከፊት ይገባል። 0911 ብላ የምታውቀው 00251911 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ያላወቀች ልጅ በጭንቅ ሰዓት ደጋግማ ሞክራ አልገባ ሲላት ተስፋ ትቆርጣለች። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ እየጠየቃችሁ አስጠኗት። የፖሊስ ቁጥርም አትርሱ፤ ኩዌትና ሊባኖስ 112፣ ኳታርና ዱባይ 999 ነው።

ፓስፖርቱም ሌላ ጣጣ ነው። አሠሪ የሠራተኛውን ፓስፖርት እንዳይዝ የኩዌትም የኳታርም ሕግ ይከለክላል። ግን ይያዛል። በከፋላ (አሠሪው ለሠራተኛዋ ዋስ በሚሆንበት) ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ በደል ሸሽታ ብትወጣ “ጠፋች” ተብላ የምትከሰሰው እሷ ናት። በ2020 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ በዶላር እጥረት ስትናጥ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄደዋል። ብዙዎቹ ደመወዛቸውም ፓስፖርታቸውም እጃቸው ላይ አልነበረም። እነዚያን እህቶቻችንን አስፋልት ዳር ከነሻንጣቸው ተቀምጠው ያየ ሰው “ኤጀንሲው ጨርሶታል” የሚለው ነገር አይዋጥለትም።

ስለዚህ ፓስፖርቱ፣ ቪዛውና ኮንትራቱ ፎቶ ይነሱና ቤት ይቅሩ፤ ለወንድም ወይም ለእህት በቴሌግራም ይላኩ። ፎቶ ፓስፖርትን አይተካም። ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በፓስፖርት ፋንታ ለመመለሻ የሚሰጠውን የጉዞ ሰነድ፣ ለመጠየቅ በሚኬድበት ቀን ግን ማንነቷን ለማስረዳት ይረዳል። የአሠሪው ሙሉ ስምና ስልክ፣ እዚያ የተቀበላት የመክተቡ (የዚያ አገር ኤጀንሲ) ስምም አብሮ ይያዝ። በደረሰች ማታ ስልኳ እጇ ላይ ካለ፣ ያለችበትን ቦታ በዋትስአፕ ወይም በኢሞ ሎኬሽን ትላክ። “ሪያድ ነኝ” ማለት አድራሻ አይደለም።

ማዳሟ አጠገቧ ቆማ የምትደውልበት ጊዜም ይኖራል። አማርኛ ባይገባት እንኳ ለቅሶና ድንጋጤ ይገባታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ። ለምሳሌ “የአክስቴ ልጅ ሠርግ መቼ ነው?” ካለች ችግር ላይ ናት ማለት ይሁን። ለቤቱ ሰው በሙሉ ሳይሆን ስልኩን ለሚያነሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ይነገር።

ገንዘቡም የደህንነት ጉዳይ ነው። ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም የባንክ ሂሳብ ትክፈት፤ ከምትልከው ላይ ጥቂቱ እዚያ ይቀመጥ። የመመለሻ ትኬት መግዣ ያላት ልጅና የሌላት ልጅ በደልን እኩል አይሸከሙም። ደግሞም አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የመድን ወጪውን አሠሪው ላይ ነው የጣለው። ደላላው ለቪዛ ብር ከጠየቀ ነገሩ ከጅምሩ ተበላሽቷል፤ እዚያው ላይ አቁሙት።

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ሥልጠና ላይ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሯት ይግባ፤ ግማሽ ቀን ቢሆን ይበቃል። እሷ ከሄደች በኋላ በሌሊት ስልክ የሚያነሳው፣ የት ማመልከት እንዳለበት ማወቅ ያለበት እሱ ነው።