ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ መሮ፣ የሕንፃዎቻችን ዋና አስተባባሪ

ጉዳዩ፦ የዲዛይን ቡድን አባልነትዎ በይፋ ስለመጽደቁ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከቅዳሜ ንጋት ጀምሮ ድምፅዎን ከግድግዳው ማዶ እየሰማን ስለሆነ መጠየቁ እንኳ ባላስፈለገ ነበር፤ ግን ወግ ነው። ለወንድምዎ ለመዶሻ፣ እንዲሁም ለዘመናዊው የወንድምዎ ልጅ ለግራይንደር ሰላምታችንን ያድርሱልን። አቧራው ደርሶናል።

ይህ ደብዳቤ አቤቱታ አይደለም፤ የሹመት ደብዳቤ ነው። እስከ ዛሬ በየሕንፃው ስንት ሠርተው ስምዎ በአንድም ፕላን ላይ ሰፍሮ አያውቅም። የአርክቴክቱ ስም አለ፤ የስትራክቸሩ፣ የሳኒተሪው፣ የኤሌክትሪኩ፣ የመካኒካሉ አለ፤ ማኅተሙም ሞልቷል። ነገር ግን ቱቦው በየት ያልፋል፣ ሽቦውስ በየት ይወርዳል ለሚለው የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነ ሳይት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

አሠራራችንም ለእርስዎ የተመቻቸ ነው። መጀመሪያ አርክቴክቱ ይስላል፤ ባለቤቱም ስለ ፊት ለፊቱ መስታወት ቀለም ሲከራከር ይከርማል። ቀጥሎ መሐንዲሱ ኮለኑን፣ ማለትም ምሰሶውን፣ እንዲሁም ምሰሶ ከምሰሶ የሚያያይዘውን አግዳሚ ቢም ያቆማል። ሳኒተሪና ኤሌክትሪክ ትዝ የሚሉን የግንባታ ፈቃድ መስኮት ላይ «ተሟልቶ ይቅረብ» ስንባል ነው። ያኔ ከሌላ ሕንፃ ፋይል ርዕሱ ብቻ ተቀይሮ፣ አንዳንዴም ርዕሱ ሳይቀየር፣ በሁለት ቀን ይደርሳል። የአገራችን የሕንፃ ኮድ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለቧንቧ ሥራ ኢቢሲኤስ (የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ) 9ን፣ ለኤሌክትሪክ 10ን፣ ለአየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣ 11ን መድቦ ነበር፤ ማን ከእርስዎ ጋር አስተዋወቃቸው? ሶሌታው፣ ማለትም የኮንክሪት ወለሉ፣ ከተሞላ፣ ብሎኬቱ ከተደረደረ በኋላ የቧንቧ ሠራተኛው ፕላኑን ዘርግቶ «ይሄ ቱቦ በየት ነው የሚያልፈው?» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፎርማኑም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ይልካል፤ እርስዎ ይመጣሉ።

ከሥራዎችዎ ሁሉ የምናደንቀው ባለ 110ሩን የፍሳሽ ቱቦ ባለ 10 ብሎኬት ውስጥ ማስገባትዎን ነው። የቱቦው የውጭ ስፋት 110 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኬቱ ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው «አይገባም» ብሎ ይሄዳል፤ እርስዎ ሒሳብ ስለማያውቁ ይገባል። ብሎኬቱን ወደ 15 ብናሳድገው እንኳ፣ ቱቦ ከቱቦ የሚጋጠምበት አፍ ወደ 12 ተኩል ሴንቲ ይጠጋል፤ የሚተርፈው ግራና ቀኙ ተደምሮ ሁለት ተኩል ሴንቲ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ መሆኑን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ አንዱን ፊት ሲያወልቁለት የቀረው ፊት ብቻውን መቆሙ ነው። በላዩ ልስን ይመጣል፣ ቀለም ይመጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ቱቦው የሄደበትን መንገድ ከላይ እስከ ታች የሚያሳይ ስንጥቅ ይወጣል። ባለቤቱ ቀለም ቀቢውን ይራገማል። ሳሎን የተቀመጠ እንግዳም የላይኛው ፎቅ ጎረቤት መቼ መቼ እንደሚገባ በጆሮው ይከታተላል።

የዚህ መድኃኒት ሻፍት ይባላል። 60 በ80 ሴንቲ የሆነ ክፍተት ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የመጸዳጃው ፍሳሽ፣ የመታጠቢያው ፍሳሽ፣ የአየር መተንፈሻው፣ የቀዝቃዛና የሙቅ ውሃው መስመር አብረው ይቆሙበታል፤ በየፎቁም እጅና መፍቻ የሚያስገባ በር ይኖረዋል። ጥፋቱ አንድ ነው፦ በየፎቁ ግማሽ ካሬ ሜትር ይበላል። ቤት በካሬ በሚሸጥበት ከተማ ግማሽ ካሬ ለቱቦ መስጠት ቅንጦት ነውና ሻፍቱ «ቁም ሣጥን» ተብሎ ይሸጣል፤ ቱቦው ለእርስዎ ይተዋል። ከዚህም የባሱ አሉ፤ ቱቦውን ኮለን ውስጥ የሚቀብሩ። 30 በ30 የሆነ ኮለን 900 ካሬ ሴንቲ ነው፤ ባለ 110ሩ ቱቦ 95ቱን ይወስዳል፤ ከአሥር እጅ አንዱ ከነትርፉ ሄደ ማለት ነው። የአሜሪካው የኮንክሪት ኮድ ለረጅም ጊዜ የፈቀደው ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ነበር። ቱቦው ያፈሰሰ ቀን ደግሞ ፌሮውን እያዛገ ያፈሳል፤ ለጥገና የሚጠሩት እርስዎ ነዎት፣ ያውም ስድስት ፎቅ የተሸከመ ኮለን ላይ። ይህን ጥሪ እንኳ አመመኝ ብለው ይቅሩ።

ስለ ቁልቁለትም እናንሳ። የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚሄደው በራሱ ክብደት ነው፤ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ዝቅ ይበል ቢባል፣ ከሻፍቱ አራት ሜትር የራቀ መቀመጫ ስምንት ሴንቲ ይፈልጋል። የቱቦው ስፋት ሲደመር 19። ሶሌታው 15 ነው። አርክቴክቱ መጸዳጃውን «ለመስኮቱ እይታ ሲባል» ወደ ማዶ ሲያሻግር ይህን መደመር የሠራ የለም። ስለዚህ አንድም የመጸዳጃው ወለል ይነሣና ሰው በሌሊት እንቅልፍ እያዳፋው ሃያ ሴንቲ ደረጃ ይወጣል፤ አንድም ቱቦው ከሶሌታው በታች ይንጠለጠልና የላይኛው ቤት ፍሳሽ የታችኛው ቤት ኮርኒስ ውስጥ ይኖራል፤ አንድም ቁልቁለቱ ይቀርና ውሃው ሲሄድ ሌላው ይቀመጣል። መሐንዲሱ ገና በወረቀቱ ላይ የዚያን ክፍል ሶሌታ ሃያ ሴንቲ ዝቅ ቢያደርገው፣ የሙሌቱንም ክብደት በስሌቱ ቢያስገባው፣ ያለቀ ነገር ነበር። አንድ ስልክ መደወል ነው። ግን የስልክ ካርድ ውድ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በቀን ሒሳብ ይገኛሉ።

ወደ ቢሙ ስንመጣ ጨዋታው ይከብዳል። ቱቦ ኮለን ሥር ሥር መውረድ ስለሚወድ ቢሙን የሚበሱት ከኮለኑ አጠገብ ነው፤ ቢሙ ከፍተኛውን የመቁረጥ ኃይል (እንደ መቀስ ሊቆርጠው የሚሞክረውን) የሚሸከመው፣ ፌሮውን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት፣ ስታፋውም፣ ተጠጋግቶ የሚታሰረው ደግሞ እዚያው ነው። እርስዎ ስታፋ ሲያጋጥምዎ ግራይንደርን ይጠራሉ፤ ግራይንደር ጥያቄ አይጠይቅም። ለዚህ የሚያስፈልገው ስሊቭ የምንለው ቁራጭ ነበር። ባለ 160 ቱቦ በቢሙ ውፍረት ልክ ይቆረጣል፤ መሐንዲሱ ባሳየው ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ከኮለኑ ርቆ በቢሙ ቁመት መካከል፣ ዙሪያውን ተጨማሪ ፌሮ ተደርጎለት ይታሰራል፤ ሁለቱ አፎች በሲሚንቶ ከረጢት ይጠቀጠቃሉ፤ ከዚያ ኮንክሪት ይሞላል። ኮንክሪቱን ያቀፈው ፎርም ሲፈታ ቀዳዳው ይጠብቃል፤ ባለ 110ሩ ያለ አንድ መዶሻ ያልፋል። ቢሙ 50 ሴንቲ ከሆነ የ16 ሴንቲው ቀዳዳ ከቁመቱ ሲሶ አይደርስም፤ መሐንዲሱም በፊርማው ይተኛል። ከሳይት ፍርስራሽ መሀል የሚገኝ የቱቦ ቁራጭ ነው እንግዲህ የእርስዎን እንጀራ የሚዘጋው።

እንጀራ ካልን ምጣዱን እናንሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦና ባለ 16 አምፒር ብሬከር የተደረገለት የኩሽና ሶኬት ምጣዱን ብቻውን ጫፍ ላይ ቆሞ ይሸከመዋል። የሻወሩ ቦይለር በዚያው መስመር ላይ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም ነው፣ ሁለት ሺህ ዋቱ ሌላ ዘጠኝ አምፒር ይጨምራል። ብሬከሩ ይወርዳል። የቤቱ ሰው «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ ባለ 32 ይገዛል፤ ሽቦው ግን ያው 2.5 ነው። አሁን መጀመሪያ የሚሞቀው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ኤሌክትሪሻን ተጠርቶ ባለ 4 ሽቦ በራሱ ብሬከር ከቦርዱ መምጣት እንዳለበት ይናገራል፤ እርስዎም ያለቀለትን ሰራሚክ እየፈነቀሉ መንገድ ያወጣሉ። በፕላን ጊዜ አንድ መስመር መጨመር ነበር። ከቡና ማፍያ ሌላ የማያውቁ አገሮች ካታሎግ ላይ ምጣድ የለማ፤ ፋይሉም ከዚያ የተገለበጠ ነው።

ግድግዳ ላይ ስለሚፈለፍሉት መስመር ጥልቀት ደግሞ እንግሊዞች ልክ አበጅተውለታል፤ ወደ ታች የሚወርድ ከግድግዳው ውፍረት ሲሶ፣ ወደ ጎን የሚሄድ ከስድስት እጅ አንዱ። ለባለ 10 ግድግዳ ወደ ጎን የሚፈቀድልዎ 16 ሚሊ ገደማ ነው፤ ባለ 20 ኮንዲዩት፣ ማለትም የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ፣ እንኳ አይገባም። ባዶ ብሎኬት ሲሆንማ ያቺም ትበዛለች። ሶሌታ ውስጥ አስቀድሞ የተቀበረ ኮንዲዩት አለ እንዳይሉን፤ አለ። ጋሪ ሄዶበታል፣ የኮንክሪት መጠቅጠቂያው ቫይብሬተር ወግቶታል፣ ሽቦ የሚገጣጠምበት ጃንክሽን ቦክስ በወረቀትና በቴፕ ስላልታሸገ ኮንክሪት ጠጥቷል፤ ከቦክስ ቦክስ አራት ጊዜ ታጥፏል፣ ከሁለት ባያልፍ የሚመከር። ሽቦ ሲጎተት አይሄድም። ይህም የሚታወቀው ከልስን በኋላ ነው፤ ከልስን በፊት የመጎተቻ ሽቦ አሳልፎ መሞከር የማን ሥራ እንደሆነ አልተጻፈምና። የበሩ መክፈቻ አቅጣጫ ተቀይሮ ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ጀርባ የቀረበትን ቤት አንቆጥርም፤ ተራ ነገር ነው።

ሆቴልና ቢሮ ላይ ደግሞ ወደ ላይ ያያሉ። ከወለል ወለል 3 ሜትር ነው። ማንጠፊያውና ሰራሚኩ 7 ሴንቲ፣ ቢሙ ከነሶሌታው 50፣ የአየር ማስተላለፊያው ዳክት ከነሽፋኑ 35፣ ማንጠልጠያው 5፣ ኮርኒሱ ከነመብራቱ 10። የቀረው 1 ሜትር ከ93 ነው፤ እንግዳው ባርኔጣውን አውልቆ ይግባ። ያኔ «ዳክቱ ቢሙን ይብሳ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ዳክቱ ደግሞ ሠላሳ ሴንቲ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እርስዎ ያውቃሉ፤ እኛ አላየንም።

የሊፍቱን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ጉድጓዱ ተሠርቶ ሊፍቱ ከተገዛ በኋላ ካታሎጉ ሲገለጥ ከታችኛው ወለል በታች 1 ሜትር ተኩል ያህል ይጠይቃል፤ እዚያ የተኛው መሠረቱ ነው። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው አምስት ሺህ ሊትር ሮቶም አምስት ቶን ነው፤ በመሐንዲሱ ስሌት ግን ጣሪያው ላይ የታጠበ ልብስ ብቻ ይሰጣል። የሮቶው መውጫ ከላይኛው ፎቅ ሻወር በሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ሲል ግፊቱ 0.2 ባር ነው፤ ዕይታ ወዶ ላይኛውን ፎቅ የገዛው ሰው በጠብታ ይታጠባል።

በነገራችን ላይ ቱቦን መደበቅ ግዴታ አይደለም። በ1977 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የተመረቀው የፖምፒዱ ማዕከል አንጀቱን ሁሉ ወደ ውጭ አውጥቶ ቀለም ቀብቶታል፤ አየሩን ሰማያዊ፣ ውሃውን አረንጓዴ፣ ኤሌክትሪኩን ቢጫ፣ ሰው የሚጓጓዝበትን ቀይ። እኛም ከፊት መስታወት፣ ከጀርባ ግን ግራጫ ቱቦ የተንዠረገገባቸው ሕንፃዎች ሞልተውናል። የፓሪሶቹ ያንን ያደረጉት አስበውበት ነው።

አሁን ወደ ሹመቱ። ከዛሬ ጀምሮ በፕላኑ ማዕዘን ባለው ሣጥን ውስጥ ከመሐንዲሱ ጎን ስምዎ ይጻፋል፤ ቢም የቆረጡ እንደሆነ የሚጠየቀው ታውቋል ማለት ነው። በዲዛይኑ መጀመሪያ አምስቱም ፕላኖች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ሲታዩ ስብሰባው ላይ ይገኛሉ። ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት የቧንቧውና የኤሌክትሪኩ ሰው ስሊቮቹን ቆጥረው ሲፈርሙ፣ ሜትር ተዘርግቶ ፎቶ ሲነሣ፣ ከልስን በፊትም የውሃው መስመር በሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሲፈተን ቆመው ያያሉ። አበል አለው። ሥራ ግን ላይኖርዎ ይችላል፤ ይህንን ከወዲሁ ማሳወቅ ግዴታችን ነው።

ሹመቱን ካልተቀበሉ በነበሩበት መቀጠል ይችላሉ። በእሑድ ጠዋት ግን ቅዳሴ እስኪወጣ ይታገሱን።

ከሰላምታ ጋር፣
ከግድግዳው ወዲህ ያለነው

ግልባጭ፦
ለመዶሻ፣ እንዲያውቁት
ለግራይንደር፣ ስታፋው ላይ ሲደርሱ እንዲያነቡት
ለአርክቴክቱ፣ ሻፍቱን ቁም ሣጥን ከማለታቸው በፊት
ለታችኛው ፎቅ ነዋሪ፣ ከአንድ ባልዲ ጋር