መሬት የሚያሰፋው ምርቃታችን

ሰው ሁሉ በሚችለው ይመሰገናል፤ የወሎ ሽማግሌዎቻችን ግን ሊመሰገኑ የሚገባቸው ማንም በማይችለው ነገር፣ ማለትም ስንዝር በማይጨምር መሬት ላይ ያለ ገደብ ሰው በመመረቅ ነው። ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ሼሁና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ ዳሱ በ«አሚን»ና በ«አሜን» ይናጋል። ሙሽራው ምን ሊያርስ ነው ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ቢገኝ እንኳ «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» የሚል መልስ ቀድሞ ይጠብቀዋል።

ከምርቃቱ ቀጥሎ የሚደነቀው የአባቶቻችን የቅየሳ ጥበብ ነው። ተሁለደሬ ላይ ሦስት ጥማድ ያለው አባት ለአራት ወንዶች ልጆቹ ሲያካፍል ለሦስቱ ከለሙ መሬት ይሸነሽንላቸዋል፤ በየመካከሉ የሚተወው ወሰን የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ በሬዎቹም ትልሙን ጀመሩ ሲባል ዳር ስለሚደርሱ አራሹ ከማረስ ይልቅ ሲያዞራቸው ይውላል። ለአራተኛው ፍየል እንኳ ተጠንቅቃ የምትወጣው ተረተር ይደርሰዋል። በሬ ስለማይቆምበት በዶማ ይቆፍረዋል፤ ክረምት ሲገባ አፈሩ የሚሌን ወንዝ ተከትሎ ያለ ቪዛ አፋር ይወርዳል። ባለቤቱም ብዙ ሳይቆይ ይከተለዋል፤ እርሱ ግን ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ መግባት ስለሆነ፣ የደላላውን ሒሳብ አባት በሬውን ሸጦ ይከፍላል። በዚህ የሚጎዳ የለም፤ በሬው መዞሪያ አጥቶ ነበርና።

መንግሥትም ከዚህ ጥበብ አልራቀም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 53 ሚሊዮን የነበርነው በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ስንጠጋ፣ የሚቀጥለውን ቆጠራ ደጋግሞ በማራዘም ከድንጋጤ አድኖናል፤ ያልተቆጠረ ሰው እንደማይበላ የደረስንበት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። የተባበሩት መንግሥታት ግን ሳንጠይቀው እየገመተ ከ120 ሚሊዮን አልፋችኋል ይለናል፤ ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን ሞላ ብሎ ቀን ቆርጦ አወጀ። የወሎ ረሃብ ለዓለም በተሰማበት በ1966 ዓ.ም. ገደማ 4 ቢሊዮን ነበርን። (ያን ረሃብ ያመጣው የልጅ ብዛት አልነበረም፤ ዝናቡ ቀረ፣ መንግሥትም ደበቀው። ሽማግሌዎቻችንን በሌለባቸው ጥፋት አልከሳቸውም።) ሕዝቡ እጥፍ ሲሆን ምድሪቱ በነበረችበት ስፋት መቅረቷ ምርቃት ላይ ባለመገኘቷ ሳይሆን አይቀርም።

የተማሩት ወዳጆቻችን የተሻለ መከላከያ አላቸው፤ ምድርን የሚያራቁታት የባለጸጋ አገር አኗኗር እንጂ የወሎ ገበሬ ልጅ አይደለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንድ አሜሪካዊ ነዳጅ አቃጥሎ በዓመት የሚለቀውን ካርቦን ሃምሳ ኢትዮጵያውያን ተባብረን አንደርስበትም። ይሁንና ይህ እውነት ተረተሩ ላይ ለቆመው ለአራተኛው ልጅ ግማሽ ጥማድ ጨምሮለት አያውቅም።

የዚህ የተከበረ ልማድ ከዳተኞች ምራቶቻችን ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአገሩ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 4.6 ልጅ ሲሆን፣ በአማራ ክልል 3.7 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ያህል «አሚን» ተብሎ 3.7! በዳሱ ውስጥ ከሁሉ ጮክ ብለው የሚቀበሉት እነርሱ ናቸው። በገበያ ቀን ግን በርበሬ ልግዛ ብለው ይወጡና ጤና ኬላ ጎራ ይላሉ፤ የሦስት ወሩን መርፌ ተወግተው ወይም በክንዳቸው አስቀብረው፣ በርበሬውንም ሳይረሱ ይመለሳሉ። ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አልነቁባቸውም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጭምር በየሠርጉ ከፊት አስቀምጠው «ውለጂ፣ ክበጂ» ይሏታል፤ እርሷም «አሚን» ትላለች።