ለጽዳት ሠራተኛዋ ማን ነገራት?

ስለ አደገኛ ተሕዋሲያን ሲወራ ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ያው ምስል ነው። ከራስ እስከ እግሩ በቱታ የተሸፈነ ሳይንቲስት፣ ወፍራም የብረት በር፣ ከፍሪጅ የወጣ ብልቃጥ። እውነቱን ለመናገር እኔ ስለዚያ ሰውዬ ብዙም አልጨነቅም። ምን እንደያዘ ያውቃል። የሚያስጨንቀኝ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ቆሻሻውን የምታወጣው ሴት ናት።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጁን 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በሥራ ቦታ ስለሚያጋጥሙ ሥነ ሕይወታዊ አደጋዎች ስምምነት ቁጥር 192ን አጽድቋል። ቫይረሱም፣ ባክቴሪያውም፣ ፈንገሱም፣ ጥገኛ ተውሳኩም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጥሩ ነው። ግን ዘግይቷል። ይኸው ድርጅት በ1919 ዋሽንግተን ላይ የመጀመሪያ ጉባኤውን ሲያደርግ ሱፍ የሚለዩ ሠራተኞችን አባ ሰንጋ እንዳይገድላቸው ሱፉ በፀረ ተሕዋስያን ይታከም ብሎ መክሮ ነበር። ከዚያ ምክር እስከዚህ ስምምነት 106 ዓመት። አሁንም ቢሆን ሀገራት በየፓርላማቸው ካላጸደቁት ወረቀት ነው።

ለምን እንዲህ ዘገየ? አደጋውን የምንለካበት መንገድ አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። ተሕዋሲያን ከ1 እስከ 4 በምድብ ይቀመጣሉ፣ 4 እጅግ አደገኛው ነው። ኢቦላና ማርበርግ 4ኛው ላይ ናቸው፤ ቴታነስ የሚያመጣው ባክቴሪያ 2ኛው ላይ። ምደባው ስህተት የለበትም። ስለ ጀርሙ ይነግረናል፣ ለጀርሙ ስለሚጋለጠው ሰው ግን ምንም አይልም። በ1976 ፊላዴልፊያ ውስጥ አንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮችን ያጠቃው ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያም ምድቡ 2 ነው። ከ29 ያላነሱ ሰዎች ሞተዋል። ኢቦላ በሦስት በር ተቆልፎበት፣ ሌጂዮኔላ ማንም ዞር ብሎ በማያየው የማቀዝቀዣ ውሃ ውስጥ ይራባል።

የጃኔት ፓርከር ታሪክ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች፣ በእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት። ፎቶ የምታጥብበት ክፍል ከአንድ የፈንጣጣ ላቦራቶሪ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበር። በኦገስት 1978 ራሷን አመማት፣ ሰውነቷ ሽፍታ አወጣ። ፈንጣጣ ይሆናል ብሎ መጀመሪያ ላይ ያሰበ ሐኪም አልነበረም። ማን ያስባል? በሽታው ከዓለም ሊጠፋ ነው እየተባለ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ሞተች። በፈንጣጣ የሞተች የመጨረሻዋ ሰው እሷ ናት። እናቷም ተይዘው ዳኑ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ደግሞ ጉዳዩ ገና ሳይጣራ የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ።

ቫይረሱ በምን በኩል ወደ ላይ እንደወጣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ፓርከር የተከተበችው በ1966 ነበር፣ 12 ዓመት አልፎታል። ፈንጣጣ ከወለሉ ሥር ተቀምጦ፣ የእሷን ክትባት ጊዜው አልፏል ብሎ መቁጠር የማን ሥራ ነበር?

በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1979፣ በሶቪየቷ ስቨርድሎቭስክ ከአንድ የጦር ተቋም የአባ ሰንጋ ዘር ወደ አየር አመለጠ። ቢያንስ 66 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በነፋሱ አቅጣጫ የሚኖሩና የሚሠሩ ነበሩ፣ የሴራሚክ ፋብሪካ ሠራተኞች ጭምር። መንግሥት የተበከለ ሥጋ በልተው ነው አለ። ያንኑ ሲደጋግም ከረመና በ1992 የሩሲያው ፕሬዚዳንት የልትሲን ከወታደሩ እንደመጣ አመኑ።

እነዚህ ትልልቆቹ ናቸው። ትንሹ በየቀኑ የሚሆነው ነው። ነርሷ መርፌ ወጋች። ተጣደፈች። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክሱ ሞልቷል፣ ወይም ሌላ ክፍል ነው ያለው። ሲሪንጁን ፌስታል ውስጥ ጣል አደረገችው። ማታ ጽዳት ሠራተኛዋ ፌስታሉን አንስታ ጭኗ ላይ ደገፍ ስታደርገው ጠቅ። ደም እንኳ ብዙም አልወጣም። ታጥባ ሥራዋን ቀጠለች። ጓንት አድርጋ ነበር፣ ግን ጓንት እጅን እንጂ ጭንን አይሸፍንም። እጇንም ቢወጋት ቀጭን ጓንት መርፌ አያቆምም።

መርፌው የተወጋበት ሰው ሄፓታይተስ ቢ ካለበትና እሷ ካልተከተበች የመያዝ ዕድሏ ከ6 እስከ 30 በመቶ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ቢበዛ 2 በመቶ ገደማ። ኤችአይቪ ከሆነ 0.3 በመቶ። ልብ በሉ፣ ሰው በጣም የሚፈራው የመጨረሻውን ነው፤ ለሱም ቢሆን በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት አለ። ችግሩ 72 ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ስትወጋ መሆኑ ነው። ለማን ትናገር? ብትናገር ለምን አልተጠነቀቅሽም ትባላለች። ኮንትራቷ ከጽዳት ድርጅቱ ጋር ነው፣ ስሟ የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ ዝም ትላለች።

ወጪ ነው የሚሉ አሉ። የትኛው ወጪ? የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ዶዝ ነው፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮም አለ። ሴፍቲ ቦክስ ካርቶን ነው። ሳይሞላ መቀየር፣ መርፌው የሚወጋበት ቦታ አጠገብ ማስቀመጥ፣ አዲስ የመጣችውን ጽዳት ሠራተኛ ገና በመጀመሪያው ቀን አስቀምጦ ምን ምን ቢደርስባት ለማን እንደምትደውል መንገር። ይሄ ውስብስብ ሳይንስ አይፈልግም። የሚፈልገው እሷን ከሠራተኛ መቁጠር ነው።

ፈንጣጣ በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻው ሰው፣ ከፓርከር አንድ ዓመት ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ አሊ ማው ማሊን የሚባል ሶማሊያዊ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። ታማሚ ሕፃናት የጫነ መኪና መንገድ ጠፍቶት አብሮ ገብቶ አሳያቸው፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ክትባቱን ግን መርፌውን ፈርቶ ሸሽቶት እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። ዳነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ውስጥ ገባና ልጆቻቸውን ማስከተብ ለሚያመነቱ እናቶች ይህንኑ ያወራላቸው ነበር። በ2013 እዚያው ዘመቻ ላይ እያለ ወባ ገደለው።