አንድ ጭብጥ ስንት ግራም ነው?

ጅማ ላይ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ጨዋታ ሲነሳ፣ በተለይ ከውጭ የመጣ ሰው ካለበት፣ ወሬው ቶሎ መሣሪያ እጥረት ላይ ይደርሳል። እጥረቱ እውነት ነው። እዚህ ካናዳ ካለው ጋር ሳስተያየው ግን ትልቁ ልዩነት ከማሽኑ በፊት ይመጣል፦ ዕውቀቱ ከባለቤቱ የሚጠየቅበት መንገድ ላይ ነው።

የገጠር መድኃኒት አዋቂ አንዲት እናት ትኩስ ቅጠል ይቀጥፋሉ፣ ይወቅጣሉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ያሻሉ፣ አጥልለው ያጠጣሉ። ጥናቱ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው የዕፁ ስም፣ የበሽታው ስምና «ቅጠሉ ተወቅጦ ይጠጣል» የምትል አንዲት መስመር ናት። ላብራቶሪው ደግሞ የራሱ ልማድ አለው። ቅጠሉን በጥላ ያደርቃል፣ ይፈጫል፣ በ80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ለ72 ሰዓት ይዘፈዝፋል፣ ከዚያ ፈሳሹን ያተናል። ሲደርቅ በኖ የሚጠፋ ነገር አለ፤ ሜታኖል ደግሞ ውሃ የማያወጣውን፣ መርዛማውንም ጭምር፣ ያወጣል። ስለዚህ ውጤቱ «አይሠራም» ቢልም «ይሠራል» ቢልም የተፈተነው የእኚያ እናት መድኃኒት አይደለም።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ከወባ መድኃኒት በላይ የሚያሳይ የለም። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩና ባልደረቦቿ አሪቲ ከሚባለው ተክል ወገን የሆነውን ቺንግሃውን ሲሞክሩ ውጤቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የጌ ሆንግ ጽሑፍ ግን አሠራሩን ይዟል፦ አንድ ጭብጥ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ፣ ጭማቂውን ጠጣ ይላል። አፍላ አይልም። ቱ ሙቀቱ መድኃኒቱን እየገደለው ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረች፤ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሚፈላው ኤተር በተባለ ፈሳሽ ማውጣት ጀመረች፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ናሙና ቁጥር 191 በአይጥ ላይ ያለውን የወባ ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በየጤና ጣቢያችን የሚታደለው ኮአርተም ከዚያ ግንድ የወጣ ነው፤ እሷም በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወሰደች። የተክሉን ስም ቻይና ውስጥ ብዙ ሰው ያውቀው ነበር። የጎደለው ግስ ነበር፦ መዘፍዘፍና መጭመቅ።

እንግዲህ መጠይቁ ላይ መግባት ያለበት ይህ ነው። ቅጠሉ የሚቀጠፈው ከአበባ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጠዋት ነው? ውሃው ቀዝቃዛ ነው ወይስ የፈላ? አድሮ ይጠጣል ወይስ ወዲያው? ሲበላሽ ምን ይመስላል? «ጭብጥ» ሲባልም መገመት አያስፈልግም፤ አዋቂዋ ራሳቸው አሥር ጊዜ ይጨብጡ፣ እያንዳንዱ ይመዘን፣ አማካዩና ልዩነቱ ይጻፍ። ስሙ በተነገረበት ቋንቋ ይመዝገብ፤ ግራዋን «ኤቢቻ» ያሉ እናት ኤቢቻ ተብሎ ይጻፍላቸው፣ ምክንያቱም በትርጉም መካከል አንዱ ተክል ሌላውን ይተካል። ተክሉን ለመለየት የሚቀመጠው ናሙናም አበባ ወይም ፍሬ ይዞ በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ይድረቅ። በጅማ ክረምት ጋዜጣው በየቀኑ ካልተቀየረ ሻጋታ ይቀድማል።

ከመድኃኒት ይልቅ እኔን የሚያጓጓኝ ግን ጎተራው ነው። ገበሬው በቆሎውን ከነቀዝ ለመጠበቅ አመድ ወይም ጤፍ ይቀላቅልበታል። ጤፉ በፍሬዎቹ መሐል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ አመዱ ደግሞ የነቀዙን ሰም መሰል ሽፋን ይፍቅና ውስጡን ያደርቀዋል። እርጥበት ያገኘ አመድ ግን ይህን ኃይሉን ያጣል። እህሉ ራሱ ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ከገባ ነቀዙን አልፎ ሻጋታ ይበላዋል። ደረቅ ጨውና እህል በደረቅ ጠርሙስ አድርጎ መናጥ ቀላል መፈተኛ ነው፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው። ተማሪዎች አመዱን ወይም ጤፉን ሲፈትኑ የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፤ በሰባተኛው ቀን የሞተውን ነቀዝ ቆጥረው ይጨርሳሉ። ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው በፍሬው ውስጥ ነው፤ ልጁ በሞቃት ቦታ ወደ 35 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ትውልድ፣ ሦስት ወር ያህል፣ መጠበቅና የተበሳውን ፍሬ መቁጠር፣ መመዘንም ያስፈልጋል። ምንም ያልተቀላቀለበት በቆሎም ለማነጻጸሪያ ከጎኑ መቀመጥ አለበት።

ጅማ ይህን ሥራ አታውቀውም ማለት አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ መልሱ የተገኘው በሽታው መሐል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን በደቡብ ምዕራብ ጫካና ማሳ በመፈለግ ነበር፤ 74110፣ 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ልጆች ናቸው። 74 የተመረጡበትን የፈረንጆች ዓመት ይነግረናል። ዛፉን ማን ሲንከባከበው እንደኖረ ቁጥሩ አይነግረንም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

በካናዳ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ ዘጠነኛው ምዕራፍ ለነባር ሕዝቦች የተለየ ነው፤ ተመራማሪው ማኅበረሰቡን አስቀድሞ እንዲያነጋግር፣ ስምምነት እንዲጽፍ፣ ከመታተሙ በፊትም ውጤቱን እንዲያሳይ ያዛል። እኛም ሕግ አላጣንም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። በጤፍ ላይ የደች ኩባንያ ያወጣው የፈጠራ መብት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. እስኪሽረው ድረስ ስንት ዓመት እንዳንገበገበን የረሳ የለም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርታቸው በየቀበሌው ይወጣሉ፤ ይህ ዕድል ካናዳ ላሉ ብዙ ተማሪዎች የለም። ለመጠይቁ አንድ ገጽ መጨመር ብዙ አይጠይቅም። የሚከብደው ሁለተኛው ጉዞ ነው፤ ውጤቱን ይዞ ተመልሶ በአፋን ኦሮሞ ለማንበብ። የመኪና፣ የነዳጅና የአዋቂዎቹ የቀን ክፍያ ገና ከመጀመሪያው በበጀቱ ላይ ካልተጻፈ፣ ገንዘቡ በሜታኖልና በማጣሪያ ወረቀት ያልቃል።