ስድስት ኪስ

ነገሩ የተነሳው ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነው። የቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ፣ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጥግ ይዞ ላፕቶፑ ላይ ጌም ይጫወታል። ከመሃላችን በዕድሜ ጠና ያለው ስኒውን ለማስቀመጥ ሲነሳ ስክሪኑን አየና ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? ፊቷ አሻንጉሊት አይመስልም እንዴ? ይሄን ሁሉ ብር ከፍለህ ላፕቶፕ የገዛኸው የድሮ ፕሌይ ስቴሽን ልትጫወትበት ነው?»

«ጋሼ፣ አዲስ እኮ ነው። በ2024 ነው የወጣው» አለ ልጁ ዓይኑን ሳይነቅል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ጌሙ ክሮው ካንትሪ ይባላል፤ ለማስፈራት የተሠራ ጌም ነው። የእንግሊዙ ኤስኤፍቢ ጌምስ፣ የሁለት ወንድማማቾች ስቱዲዮ፣ የሠራው ነው። ታሪኩ በ1990 የሚሆን ነው፤ ማራ ፎረስት የምትባል ሴት የጠፋውን ባለቤት ፍለጋ ወደ ተዘጋ የመዝናኛ ፓርክ ትገባለች። ጥይቱ ጥቂት፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ ጥግ ጥግ ላይ ደግሞ ስም የሌላቸው የሚጎተቱ ነገሮች አሉ።

«ገባኝ» አለ ጠና ያለው። «ትዝታ ነው የሚሸጡልህ። ለእኔ ቢሸጡልኝ ያምራል፣ እኔ በዚያ ዘመን ነበርኩ። አንተ ምን ቤት ነህ?»

«እሱን ነው እኮ የምልዎት። እኔ ያንን ማሽን በእጄ ነክቼው አላውቅም። ምንም ትዝታ የለኝም። ግን ያስፈራኛል። ትዝታ ቢሆን ኖሮ እርስዎን እንጂ እኔን ለምን ያስፈራኛል?»

ጥሩ መልስ ነበር። ጠና ያለው ለጊዜው ዝም አለ። ዝም የማይለው ግን ፕሮግራመሩ ጓደኛችን ነው። እሱ ነገር ሲጀምር ከሥሩ ነው።

«ያ ምስል ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ፕሌይ ስቴሽን የአንድን ቅርጽ ማዕዘን ስክሪኑ ላይ የሚያስቀምጠው በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ግማሽ፣ ሩብ የሚባል አያውቅም። ካሜራው ትንሽ ዞር ሲል ማዕዘኑ ቀስ ብሎ አይንሸራተትም፤ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ይዘላል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል ሲስል ደግሞ ርቀቱን አያሰላውም፣ ስለዚህ ቀጥ ያለው መስመር ይጣመማል። ዋናው ሜሞሪ 2 ሜጋባይት፣ የምስሉ 1 ሜጋባይት።» ስልኩን አወጣና ቅድም ረከቦቱን ያነሳበትን ፎቶ አሳየን። «ይቺ ብቻዋን አራት ናት። ማሽኑ ውስጥ አትገባም።»

«እና?» አለች ባንክ የምትሠራው።

«እናማ ያኔ የቸገራቸው ሰዎች ያደረጉት ነው። ዛሬ ማሽኑ ቀጥ አድርጎ ይስላል፤ ሰዎቹ ቁጭ ብለው የሚያጣምም ኮድ ይጽፉለታል። አዲስ ጂንስ ቀዶ በውድ መሸጥ ማለት ይሄ ነው።»

እሷ ጌም የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም። ግን ልጁ የሚያየውን ትንሽ ቆማ አየችና እንዲህ አለች፤ «እኔ ደብረ ብርሃን ሳድግ ማታ ማታ ጅብ ሲጮህ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባ ነበር። አይቼው አላውቅም፣ ድምፁን ብቻ ነው። በኋላ ሐረር ሄጄ ሰውየው በእንጨት ሥጋ ሲያጎርሰው ፊት ለፊት አየሁት። በቃ፣ ውሻ ሆነብኝ። ይሄም ጥርት አድርጎ ቢያሳይህ ውሻ ነው የሚሆንብህ።»

ፕሮግራመሩ ይከራከራል ስንል ጭራሽ ደገፋት። በ1999 የወጣው ሳይለንት ሂል ከተማውን ሁሉ በጉም የሸፈነው ማሽኑ ሩቁን መሳል ስለማይችል እንደነበር፣ ዛሬ ግን ያ ጌም ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ጉሙን እንደሆነ ነገረን። ሬዚደንት ኢቭል የሚባለው የድሮ የዞምቢ ጌም በሮች አንድ በአንድ፣ ሲጥ እያሉ የሚከፈቱትም ሲዲው ቀጣዩን ክፍል እስኪያነብ ጊዜ ለመግዛት ነው። «ግን» አለ፣ እጁን አንስቶ፣ «እነሱ ሲቸግራቸው ያገኙትን አንተ ሳይቸግርህ ስትቀዳው አስመሳይነት ነው።»

ይሄን ጊዜ ጠና ያለው ተመልሶ ገባ። እሱ የሚያወራው ከኮድ ሳይሆን ከፕሌይ ስቴሽን ቤት ነው። ሦስት ሆነው ሳንቲም አዋጥተው በሰዓት ይከፍላሉ፤ ሌላው ሁሉ ኳስ ሲጫወት እነሱ ሬዚደንት ኢቭል ያስገባሉ። የተጫወቱት የሚቀመጥበት ሜሞሪ ካርድ የለም። ጌሙ ውስጥ ሴቭ የሚደረገው በጽሕፈት መኪና ነው፣ ለእያንዳንዱ ሴቭ አንድ ሪባን ይጠይቃል፤ እነሱ ሪባኑን እያነሱ ኪስ ያስይዛሉ እንጂ ካርድ ስለሌላቸው ለምንም አይሆናቸውም። አንድ ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ተጫውተው፣ ጥይት ቆጥበው፣ ቁልፍ ሰብስበው፣ አዲስ በር ሊከፍቱ ሲሉ መብራት ሄደ።

«ያስፈራን ዞምቢው መሰለህ? መብራቱ ነበር እኮ! አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ሦስታችንም ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የምናየው።»

ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ጆይስቲኩን ሰጠው። የሰውየው አውራ ጣት ወደ ዱላዋ አልሄደም፤ በቀጥታ ቀስቶቹ ላይ አረፈ። ወደ ላይ ሲጫን ማራ ካሜራው በየትም ይሁን ወደ ፊቷ ትሄዳለች፤ ግራና ቀኙ ባለችበት ያዞራታል፣ እንደ ታንክ። ልጁ አፉን ከፍቶ አየው።

እንግዲህ ፍርዱን እኔ ልስጥ፤ ያን ዕለት ከስኒው በቀር ምንም አላነሳሁምና። ከመካከላቸው ያሸነፈው ጠና ያለው ነው፣ ግን በጀመረበት ክርክር አይደለም። የትዝታውን ነገር ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀብሮታል። ያሸነፈው በመብራቱ ታሪክ ነው፣ እሱም አላወቀውም።

ይህን የምለው ሁለት ጌሞች ጎን ለጎን ስላየሁ ነው። በ2021 የወጣው የቺሊው ቶርሜንትድ ሶልስ ምስሉ የዛሬ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ማዕዘን የለውም። ግን ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ ይቀርጽሃል፣ ሴቭ ለማድረግም ቴፕ ያስፈልግሃል፣ ቴፑም ተቆጥሮ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ እጄ አልቦኛል። በሌላ ቀን ያንኑ ክሮው ካንትሪን ጠላት በማያጠቃበት ሞድ ከፈትኩት። ምስሉ ሙሉ በሙሉ የድሮ ነው፣ ደስ ይላል፣ ቅር የሚል ነገርም አለው፤ ግን ሻዬን እየጠጣሁ ነው የዞርኩት። አንዲት ጨለማ ክፍል በር ላይ ብቻ ትንሽ አመነታሁ። ያቺ ማመንታት የጅቡ ድርሻ ናት፤ ለባንክ ሠራተኛዋ ትጻፍላት። ከዚያ የዘለለውን ፍርሃት የሚሠራው ሒሳቡ ነው፦ ስንት ጥይት ቀረኝ፣ ምን ላጣ ነው።

ፕሮግራመሩ አሠራሩን በትክክል ተናግሯል፣ «አስመሳይነት» ያለው ግን ለሁሉም አይሠራም። ለአንዳንዶቹ ይሠራል። ስክሪኑ ላይ የቪዲዮ ካሴት መስመር ደርድረው፣ በጨለማ አስሮጠው፣ መጨረሻ ላይ የሚጮህ ፊት የሚለጥፉብህ ሞልተዋል፤ ሦስቱን ካየህ አራተኛውን አይተኸዋል። እነሱን ቅዳጅ ጂንስ ይበላቸው። በ2022 የወጣው ሲግናሊስ ግን ሌላ ነው። ሀምቡርግ ያሉ ሁለት ሰዎች ናቸው የሠሩት፣ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። የምትይዘው ስድስት ነገር ብቻ ነው። ሽጉጥ አንድ፣ ጥይቱ አንድ፣ ቁስል መጠገኛ አንድ፣ የጣልከው ጠላት ተመልሶ እንዳይነሳ የምታቃጥልበት እሳት አንድ፣ ቁልፍ አንድ። የቀረችህ አንዲት ኪስ ናት፣ መንገድ ላይ የምታገኘውን ሁሉ ልታነሳ የምትችለው በእሷ ነው። ብዙ ሰው ይሄን አማርሯል፤ እኔም አማርሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ዕቃ ማስቀመጫው ሳጥን ፊት ቆሜ ሽጉጡን አስገባሁት፣ አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት። ክፍሉ ሰላም ነው፣ ማንም አይገባበትም። በመጨረሻ እሳቱን ትቼ፣ ጥይቱን ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቀደም ብዬ የጣልኳት ከወለሉ እየተነሳች ነበር።